ወደ ሰዓዳ ቤት የተመለሱት አቶ ሣህሌ ደሴ

የተከበራችሁ ካህናት አባቶች፣ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ነዋሪዎች፣ ከዱብቲ፣ ከናዝሬትና ከምንጃር መጥታችሁ በዚህ ፀሐይ የቆማችሁ ወገኖች ሆይ፤ አፈሩ ከመመለሱ በፊት ጥቂት ታገሡን። አሁን ቤተሰቦቻቸውና ወዳጆቻቸው የምናነበው የወንድማችን የአቶ ሣህሌ ደሴ የኑሮ ታሪክ ነው። ከፊሉን እሳቸው ራሳቸው በሕመም አልጋ ላይ ሆነው ለልጃቸው ያጻፉት ሲሆን፣ የቀረውን ባለቤታቸውና አብረዋቸው የኖሩ ሰዎች ነግረውናል። እንዳይዘለል የለመኑንን አልዘለልንም።

አቶ ሣህሌ ከአባታቸው ከአቶ ደሴ ይመኑና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታንጉት ኃይሌ በሸዋ ክፍለ ሀገር በምንጃር በ1932 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ጤፍና ምስር የሚያመርቱ፣ የሰው ጠብ ለማብረድ የሚጠሩ፣ ለራሳቸው ጉዳይ ግን አፍ የሌላቸው ሰው ነበሩ ይባላል፤ አቶ ሣህሌም ይህንኑ ዝምታ ወረሱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአጥቢያቸው ከነበሩ መሪጌታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ለድቁና ሲታሰቡ አባታቸው በድንገተኛ በሽታ ስላረፉ፣ ናዝሬት ይኖሩ የነበሩት አጎታቸው ወስደው ዘመናዊ ትምህርት ቤት አስገቧቸው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ የእጅ ጽሑፋቸው የተመሰከረለት ስለነበረ፣ በ1951 ዓ.ም. በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በምድር ባቡር የሐዲድ ጥገና ክፍል በጸሐፊነት ተቀጥረው ወደዚህ ወደ አዋሽ መጡ።

ከባቡር በወረዱበት ቀን የዐርብ ጾም ነበር። ከደጋ የመጡ ናቸውና ሙቀቱ አንገዳግዷቸው፣ ሆዳቸውም ባዶ ሆኖ ከጣቢያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ሲሄዱ፣ ስም ያልተጻፈበት አንድ የጭቃ ቤት አዩ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፣ በረንዳው ላይ አንድ የልብስ ስፌት መኪና። ቤቱ ከወሎ ከወረባቦ የመጡት የአቶ ሱሩር አህመድና የባለቤታቸው የወይዘሮ ሰዓዳ ይመር ነበር። አቶ ሱሩር በረንዳው ላይ ልብስ ይሰፋሉ፤ ወይዘሮ ሰዓዳ ውስጥ ያበስላሉ። ወጣቱ ሣህሌ የእስላም ቤት መሆኑን ሲረዱ በሩ ላይ ቆመው አመነቱ። ወይዘሮ ሰዓዳም ጭልፋቸውን እንደያዙ ወጥተው፣ «ወንድሜ፣ ለክርስቲያን የማበስልበት ድስት ያውልዎት። ሥጋ ነክቶት አያውቅም፤ ጭልፋውም የብቻው ነው። ደስ ካለዎት ይቀመጡ፤ ካላለዎትም ውኃ ጠጥተው ይሂዱ፣ ሙቀቱ አይጣል ነው» አሏቸው። ተቀመጡ። የቀረበላቸው ምስር ወጥ ነበር፤ ሌላም አልነበረም።

ስለዚያ ወጥ አቶ ሣህሌ ብዙ አጻፉ፤ እኛ አሳጥረነዋል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት እስኪጠቁር ተቁላልቶ፣ በርበሬው ከወረባቦ የመጣ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የገባበት፣ ምስሩ ሳይፈርስ የበሰለ ነበር። የምስር ገበሬ ልጅ ናቸውና ምስር ያውቃሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በሥራ ምክንያት ከከተማ ካልወጡ በቀር፣ የእሳቸው ምሳ እዚያ ነበር። ከአቶ ሱሩር ጋር ብዙ ሳይነጋገሩ ጓደኛ ሆኑ፤ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይበላል፣ ሁለቱም ባቡሩ ዘገየ አልዘገየም እያሉ ወደ ጣቢያው ያያሉ።

በ1957 ዓ.ም. የናዝሬት ልጅ ከሆኑት ከወይዘሮ ውብነሽ ገብረየስ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወስነው፣ አዲስአለምና ውባየሁ የተባሉ ሁለት ልጆች አፈሩ። ወይዘሮ ውብነሽ ባላቸው ከትዳርም በኋላ ምሳቸውን ከሰዓዳ ቤት አለመተዋቸው መጀመሪያ አስቀይሟቸው ነበር። እንዲህ ብለው ነግረውናል፦ «ምስሩን እሷ ከምትገዛበት ገዛሁ፣ በርበሬውን ከራሷ ተቀብዬ፣ እሷው አጠገቤ ቆማ እያሳየችኝ ሠራሁት። በልተው ሲጨርሱ ‹ጥሩ ነው› አሉኝ። እንደማይሆንልኝ ያን ጊዜ አወቅሁ።» ከዚያ ወዲህ አልተከራከሩም። አቶ ሣህሌም በሥራቸው እያደጉ የሐዲድ ጥገና ቡድን መሪ እስከመሆን ደረሱ።

በ1969 ዓ.ም. የምሥራቁ ጦርነት ሲቃረብ ሐዲዱ ፈንጂ የሚቀበርበት መሬት ሆነ። ባቡሩ ከመነሣቱ በፊት በትንሽ ባለሞተር ጋሪ ላይ ተቀምጦ መስመሩን እየፈተሸ የሚቀድም ቡድን ይወጣ ነበር። በሰኔ ወር አንድ ማለዳ፣ ተራቸው ሳይሆን፣ ሚስቱ በወለደችለት አንድ ባልደረባቸው ምትክ አቶ ሣህሌ ወጡ። ከአሰቦት አልፈው ጥቂት እንደሄዱ ፈነዳ። አብረዋቸው ከነበሩት አራት ሰዎች ሦስቱ እዚያው ቀሩ። አቶ ሣህሌ በሕይወት ተገኙ፤ ነገር ግን የታችኛው መንጋጋቸው የግራ ጎኑ ከነጥርሱ ሄዶ ነበር። አዲስ አበባ ሆስፒታል አሥራ አንድ ወር ተኝተው፣ አምስት ጊዜ ተቀድደው፣ በግንቦት 1970 ዓ.ም. ወደ አዋሽ ተመለሱ።

የተመለሱት ሰው የሄዱት አልነበሩም። ማኘክ አይችሉም። የሚናገሩትን ለመስማት ሰው ጆሮውን ማቅረብ ነበረበት። ከንፈራቸው በአንድ ወገን ስለማይገጥም የዋጡት ምግብ ከፊሉ ተመልሶ ይወርዳል። መሥሪያ ቤታቸው ከሐዲድ አንሥቶ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ አደረጋቸው፤ እሳቸውም ሰው ፊት መብላት ተዉ። ወይዘሮ ውብነሽ ምግቡን ከክፍሉ አስቀምጠው ይወጣሉ፤ እሳቸው በሩን ዘግተው፣ ወደ ግድግዳ ዞረው ይበላሉ። ልጆቻቸው አባታቸውን ሲበሉ ሳያዩ ሰነበቱ። ወደ ሥራም ሲሄዱ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ በሰዓዳ ቤት በኩል ላለማለፍ በጣቢያው ጀርባ ሐዲዱን እያቋረጡ ይዞሩ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ያበሏቸው ሴት፣ ወጥ በሸሚዛቸው ላይ ሲያፈሱ እንዲያዩዋቸው አልፈለጉም።

እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ በሰዓዳ ቤት የደረሰውንም እዚህ መናገር ግድ ይሆናል። በጥር 1970 ዓ.ም. አንድ ረፋድ፣ የታጠቁ ሰዎች መጥተው አቶ ሱሩርን ከስፌት መኪናቸው ላይ አንሥተው ወሰዷቸው። ጥፋታቸው ይፈለግ ለነበረ አንድ ወጣት ሱሪ መስፋታቸው ነው ተባለ። ወይዘሮ ሰዓዳ ስንቅ ይዘው ሦስት ቀን ተመላለሱ። በአራተኛው ቀን «ከዚህ ወዲያ አታምጪ» ተባሉ። የት እንዳደረሷቸው የነገራቸው የለም፤ አስከሬንም አልተሰጣቸውም፤ እንዲያለቅሱም አልተፈቀደላቸውም። መኪናው ላይ የተጀመረ አንድ ጉርድ ቀሚስ ቀርቶ ነበር፤ የቀሚሱ ባለቤት ሳትመጣበት ቀረች።

ከዚያ በኋላ ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር አንድ የቀበሌ ጥበቃ ወንበር አውጥቶ መቀመጥና የሚገባውን የሚወጣውን ሰው ስም መጻፍ ጀመረ። ደንበኛው አንድ በአንድ ቀረ። የባቡሩ ሰው ቀረ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ ቀረ፣ መምህሩ ቀረ። ወይዘሮ ሰዓዳ ግን በየቀኑ ድስታቸውን ጣዱ፤ ሁለቱንም ድስት። ሲመሽ ለጎረቤት ልጆች ያካፍሉት ነበር።

ወይዘሮ ውብነሽም ፈርተው ከዚያ ቤት ቀርተው ነበር፤ ይህ እንዳይደበቅ ብለዋል። በታኅሣሥ 1971 ዓ.ም. ግን ሁለቱ ሴቶች ገበያ ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኙ። ወይዘሮ ሰዓዳ ያለፈውን አንስተው አልወቀሱ፣ የሱሩርንም ስም አላነሡ። «ሣህሌን ሰላም በይልኝ» አሉ። «ፈርተው ቢቀሩም አልቀየምም፤ ልጆች አሏቸው። ሰዉም ሁሉ እንደዚያው ነው።»

ወይዘሮ ውብነሽ መልእክቱን ሲያደርሱ አቶ ሣህሌ ጫማቸውን እያወለቁ ነበር ይላሉ። አንዱን እግር አውልቀው ሌላውን ሳያወልቁ ቀሩ። «እኔን ከፈሩት ጋር ቆጠረችኝ?» አሉ። ደግመው፣ «እኔ እኮ ያፈርኩት በፊቴ ነው» አሉ፤ ይህንንም ግልጽ ሆኖ እስኪሰማ ድረስ ሦስት ጊዜ ተናገሩት። ከዚያም ለነገ ንጹሕ ሸሚዝ እንዲወጣላቸው ጠየቁ። ወይዘሮ ውብነሽ ደነገጡ። «ዛፉ ሥር የሚጽፍ ሰው አለ፤ ፊትዎን አይደለም፣ ስምዎን ነው የሚጽፈው» ቢሏቸው፣ «ስሜንማ ያውቁታል» አሉ።

በማግስቱ ረቡዕ፣ የምሳ ደወል ሲደወል፣ አቶ ሣህሌ በጣቢያው ጀርባ አልዞሩም። በዋናው መንገድ፣ ሰው እያያቸው፣ ነጠላውን ከአፋቸው ላይ አንሥተው በትከሻቸው ጥለው ሄዱ። እንዳጻፉት ከሆነ ከጥበቃው ይልቅ ያስፈራቸው የወይዘሮ ሰዓዳ ዓይን ነበር። ገብተው ከበሩ አጠገብ፣ ከመንገድ ከሚታየው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ሰዓዳ ከጓዳ ብቅ ብለው ለአፍታ ቆሙ። የሄደውን መንጋጋ አዩ፣ ጠባሳውን አዩ፣ የማይገጥመውን ከንፈር አዩ። ጮኸው አላለቀሱም፣ ፊታቸውንም አላዞሩም። «ወንድሜ፣ እንደ ዱሮው ላቅርብ ወይስ ላድቅቀው?» አሉ።

«አድቅቂው» አሉ አቶ ሣህሌ።

ወይዘሮ ሰዓዳ ምስሩን በእንጨት ማንኪያ ደቁሰው፣ በወጡ ውኃ አቅጥነው፣ እንጀራውን እንደ ገንፎ እስኪልም አርሰው በጎድጓዳ ሣህን አቀረቡ። ራሳቸውም ሰፌድ ይዘው ከጎናቸው ተቀምጠው ለነገ የሚሆን ምስር ይለቅሙ ጀመር። ሲበሉ አላዩዋቸውም፤ ላለማየትም አልተጨነቁም። ወጡ በንጹሑ ሸሚዝ ላይ ወረደ። አቶ ሣህሌ ግማሹን በልተው ማንኪያውን አስቀመጡና፣ «ሱሩር…» ብለው ሊቀጥሉ ሲሞክሩ ቃሉ እምቢ አላቸው። ወይዘሮ ሰዓዳም፣ «ተዉት፣ አውቄዋለሁ። ይልቅ ይጨርሱት፣ ይቀዘቅዛል» አሉ። ጨረሱት። ያን ቀን ማታ ቤታቸው ሲገቡ የክፍላቸውን በር ሳይዘጉ፣ ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ማዕድ ተቀመጡ።

በነጋታውም ሄዱ፤ በሦስተኛውም ቀን ሄዱ። በአሥረኛው ቀን ሁለት የሐዲድ ሠራተኞች፣ ቀድሞ በእሳቸው ሥር የነበሩ፣ ምንም ሳይሉ ገብተው ከፊታቸው ተቀመጡ። ከዚያም አንድ መምህርት ተጨመረች። ወሩ ሊሞላ ሲል ቤቱ ውስጥ እስከ ስምንት ሰው ይቀመጥ ነበር። ዛፉ ሥር ለሚጽፈው ጥበቃ የታየው እንግዲህ ይህ ነው።

በጥር 1971 ዓ.ም. አቶ ሣህሌ ወደ ቀበሌ ተጠሩ። የጠየቃቸው ሰው ዛሬ በዚህ ከተማ የለም፤ ስሙንም አንጠራውም። ጥያቄና መልሱን ግን እሳቸው እንዳጻፉት እናነባለን። «እዚያ ቤት ምን ትሠራለህ?» «ምሳ እበላለሁ።» «ሚስት የለህም?» «አለችኝ።» «ታዲያ ከፀረ አብዮተኛ ቤት የሚያስሄድህ ምንድን ነው?» «ምስር ወጥ።» ለጠያቂዎቹ የሚያሾፉባቸው መሰላቸው። የሚናገሩትም አልገባ ስላላቸው ደጋግመው አስባሏቸው፤ እሳቸውም «ምስር ወጥ፣ ምስር ወጥ» እያሉ ደጋገሙ። በመጨረሻም ጠያቂው ጓዶቹን ዞር ብሎ፣ «ንግግሩ የማይገባ ሰው ለምስጢር መልእክት ይመቻል» አለ፤ በዚህም ቃል ታሠሩ።

እሥሩ ሰባት ወር ነበር። በውስጥ እግራቸው ላይ የደረሰውን ግርፋት በዝርዝር ማንበብ እናታቸው ባሉበት አይገባም። ለእሥረኛ የሚታደለው ደረቅ ዳቦና ቆሎ ነበረና፣ ማኘክ ለማይችል ሰው በረኀብ መሞት ነበር። በሕይወት ያቆያቸው በየቀኑ በቆርቆሮ ሰሐን የሚመጣላቸው የቀጠነ የምስር ወጥ ነው። ወይዘሮ ሰዓዳ ወደ እሥር ቤቱ እንዳይደርሱ ተከልክለው ስለነበር እሳቸው ያበስላሉ፣ ወይዘሮ ውብነሽ ያደርሳሉ። ዘበኞቹ ወረቀት እንዳይኖርበት ከመሬት ባነሡት እንጨት ያማስሉት ነበር። አቶ ሣህሌ አሸዋውን በምላሳቸው እየለዩ ይተፉ ነበር። «አንድ ቀን አሸዋው ሲቀር እንጨቱን የተዉት መሰለኝ፤ ለካ ዘበኛው በጣቱ ነው ያማሰለው» ብለው ሲያጻፉ ስቀዋል፤ ልጃቸው ግን ጽፋ መቀጠል አልቻለችም ነበር።

በነሐሴ 1971 ዓ.ም. ተለቀቁ። ያበጠ እግራቸውን እየጎተቱ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ሰዓዳ ቤት ነበር፤ በሩ ግን ታሽጎ አገኙት። ወይዘሮ ሰዓዳ በጓሮ በኩል ድምፃቸውን ሰምተው ወጥተው፣ ከታሸገው በር ፊት መሬት ላይ አብረዋቸው ተቀመጡ። ቤቱ ከአራት ወር በኋላ ተከፈተ። የአቶ ሣህሌ የባቡር ሥራ ግን አልተመለሰም። አንድ ወዳጃቸው ለምኖላቸው በዱብቲ የጥጥ እርሻ የሚዛን ጸሐፊ ሆነው ሲቀጠሩ፣ በ1972 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ይዘው ወደዚያ ወረዱ።

በዱብቲ አሥር ዓመት ኖሩ። ሙቀቱ ጠባሳቸውን እያሳከከ፣ ወባው በየዓመቱ እየጣላቸው፣ የሥራ ሰዓታቸውን አንድም ቀን ሳያጓድሉ ሠሩ። በየሁለት በየሦስት ወሩ ፈቃድ ሲያገኙ ግን ጥጥ በጫነ መኪና ላይ ወጥተው፣ ባዶውን የሰመራ ሜዳ አቋርጠው፣ በሎጊያ፣ በሚሌና በገዋኔ አድርገው ወደ አዋሽ ይመጡ ነበር። ያመጧቸው የነበሩት ሾፌር አቶ ሙሐመድሰዒድ ዛሬ ከመካከላችን ቆመዋል። መጀመሪያ ጊዜ ሰውየው ለምን እንደሚሄዱ ጠይቀው ሲነገራቸው፣ «ላኢላሃ ኢለላህ! ይህን ሁሉ መንገድ ለምስር?» ብለው ነበር። ደርሰው አብረው ከተቀመጡ በኋላ ግን፣ አንዱ ከፍየሉ ድስት ሌላው ከምስሩ ድስት እየበሉ፣ ሁለተኛ አልጠየቁም። ቤቱ ያው ነበር። ስም አልተጻፈበትም፣ አግዳሚው አልተቀየረም፣ የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሶ በረንዳው ላይ ቆሟል። ወይዘሮ ሰዓዳ የመኪናውን ድምፅ ሲሰሙ ምስሩን ማድቀቅ ይጀምሩ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ የወሎ ሰው ወደዚህ ሲወርድ ደርሰው፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ የተኛውን ሕዝብ አዩ። ድስቱ ባዶ ነበር። ወይዘሮ ሰዓዳ ሊቀርቧቸው አፍረው ጓዳ ገቡ። አቶ ሣህሌ የያዙትን የዱቄት ከረጢት ከበሩ ሥር አስቀምጠው፣ ሳይበሉ በመጡበት መኪና ተመለሱ።

በ1978 ዓ.ም. ወንዱ ልጃቸው ውባየሁ፣ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ሳለ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ከሰሜን ግንባር ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ የእጅ ጽሑፉ የአባቱ ነበር። የመጨረሻው ደብዳቤ በጥር 1980 ዓ.ም. የተጻፈ ነው። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም፣ መርዶም፣ አይቶት የመጣ ሰውም አልተገኘም። አቶ ሣህሌ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲመላለሱ ከርመው፣ ምንም ባጡ ጊዜ ወደ ሰዓዳ ቤት መጡ። ሣህናቸው ቀርቦላቸው ሳይነኩት፣ «እንዴት ቻልሽው?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ሰዓዳ፣ «አልቻልኩትም ወንድሜ። ድስት ስጥድ ነው የመሸልኝ» አሏቸው። ያን ቀን አቶ ሣህሌ ምግቡን ሳይጨርሱ ተነሥተው፣ የወይዘሮ ሰዓዳን ሰፌድ ተቀብለው እስኪመሽ ምስር ሲለቅሙ ዋሉ።

ሕመማቸው የተነሣው በዚያው ዓመት ነው። የመንጋጋቸው ቁስል ተመልሶ አመረቀዘ፤ ሐኪሞች የከፋ ነገር እንደሆነና ወደ ጉሮሮ እንደወረደ ተናገሩ። አዲስ አበባ ሂደው እንዲታዩ ቢመከሩ፣ «እዚያ አሥራ አንድ ወር ተኝቻለሁ፣ ይበቃኛል» ብለው፣ በመስከረም 1982 ዓ.ም. ወደ አዋሽ እንዲመልሷቸው ቤተሰባቸውን ለመኑ። ከሰዓዳ ቤት ጥቂት ርምጃ ርቆ አንድ ክፍል ተከራየንላቸው። መጀመሪያ በእግራቸው፣ በኋላም በሰው ተደግፈው ይሄዱ ነበር። ምስሩ ከመቅጠኑ የተነሣ ውኃ መሰለ፤ ከዚያም ውኃውም አልወርድ አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በዚህ በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ወንበር ላይ አስቀምጠን አራት ሰው ተሸክመን ወሰድናቸው። ምንም አልቀመሱም። ከረፋድ እስከ ስምንት ሰዓት ተቀምጠው ሰው ሲበላ ተመለከቱ። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ያልጨረሰ ሰው ሲያዩ በእጃቸው እየጠቆሙ እንዲጨርስ ያዝዙ ነበር።

ማክሰኞ የካቲት 27 ቀን 1982 ዓ.ም. ከቀኑ በሰባት ሰዓት፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው በአጠገባቸው ሳሉ፣ በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ከማረፋቸው በፊት አንድ ነገር ለምነውናል፤ በቤተሰብም መካከል ክርክር ያስነሣው ይኸው ነበር። በለቅሷቸው ላይ የአቶ ሱሩር አህመድ ስም ከሞቱት ጋር እንዲጠራ ፈለጉ። ገሚሶቻችን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዴት ይሆናል አልን፤ ገሚሶቻችን፣ እውነቱን እንናገርና፣ ፈራን። ስለዚህ ትናንት ወደ ወይዘሮ ሰዓዳ ሄደን ጠየቅናቸው። እሳቸውም፣ «ጥሩልኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ይመጣል ብዬ ጠብቄአለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ከሞቱት ጋር ቁጠሩልኝ። የእኛ ሰዎች መስጊድ ይሰግዱለታል፤ እናንተ ስሙን ጥሩልኝ፤ ስሙ የተጠራበት ለቅሶ አላየሁም» አሉን።

ስለዚህ እንጠራቸዋለን። አቶ ሱሩር አህመድ፣ ልብስ ሰፊ፣ የወረባቦ ልጅ፣ በጥር 1970 ዓ.ም. ከሥራቸው ላይ ተወስደው ያልተመለሱ፣ መቃብራቸው የማይታወቅ። በዚህ ቅር የተሰኘ ሰው ቢኖር እኛን ይጠይቅ፤ ሟቹን አይውቀስ።

አቶ ሣህሌ ደሴ በሕይወት የተዉአቸው፤ እናታቸው ወይዘሮ ታንጉት ኃይሌ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ውብነሽ ገብረየስ፣ ልጃቸው አዲስአለም ሣህሌና ሁለት ሕፃናት የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ከእኅት ያልተለዩአቸው ወይዘሮ ሰዓዳ ይመር ናቸው። የወታደር ውባየሁ ሣህሌን ስም ከየትኛው ወገን እንደምንጽፍ ስላላወቅን እናቱን ጠይቀናል። ወይዘሮ ውብነሽ «በሕይወት ከቀሩት ጋር ጻፉልኝ» ስላሉ፣ ከቀሩት ጋር ጽፈነዋል።

የሰማይና የምድር ጌታ የወንድማችንን ነፍስ በቅዱሳኑ ማረፊያ ያኑርልን፤ ለእናታቸው፣ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይላክ፤ የት እንደወደቁ ያላወቅናቸውንም እሱ ያውቃቸዋልና በምሕረቱ ይሰብስብልን። አሜን።